ሁለት ፕሮፎርማ

ሁለት ፕሮፎርማ አለ ከጠረጴዛዬ፣
«አንዱን መርጠህ ፈርም» አለኝ አለቃዬ።
ያንደኛው ስልሳ አራት ኮር፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ፣
የሌላው አሥራ ስድስት፣ እንደ እሳት የጋለ።
የሆስፒታሉ ሰርቨር አርጅቶ ሲያቃስት፣
ዘንድሮ ተፈቀደ በጀት እንደ ምጽዋት።

ግዥ ክፍል ያለችው ኢፍቱ አባቡልጉ፣
«ስልሳ አራት ይበልጣል፣ ቁጥር ነው ማዕረጉ፤
ኦዲተር ሲመጣ ምን ልበለው?» ትላለች፣
ተረትም ታውቃለች፣ ሎሚ ታነሣለች፦
«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ
ጌጥ ነው አላሉም ወይ? ምነው ይህ ተረሳ?»

እውነቷን ነው ኢፍቱ።
ግን ሸክሙ ሎሚ ባይሆን፣ አንድ ድንጋይ ቢሆንስ?
ሃምሳው ሰው ቆሞ ቢያይ፣ አንዱ ጎብጦ ቢያለቅስ?

ሐሙስ ነው፤ ገበያ። ወደ ሄርማታ ወረድኩ፣
ልገዛ ብዬ ሳይሆን፣ ማሰብ ቢያቅተኝ ሄድኩ።
ከበርጩማ ጠራቢው ከሙዘይን ደጃፍ
ስድስት ወጣት አለ፣ ፍቅፋቂው ሲረግፍ፤
ስድስት ግንድ፣ ስድስት መጥረቢያ፣ ስድስት ምት፣
አንዱ ሌላውን አይጠብቅ፣ አይጋጭ በስሕተት።
«አርባ በርጩማ ነው ለሠርግ ያዘዙን፣
ያለ እነዚህ ልጆች ማን ይደርስልን?»

እሱ ግን ከጥጉ፣ ዋንዛ ግንድ ፊት ቀርቦ፣
ለአንድ ሽማግሌ፣ ከአንድ እንጨት ጠርቦ
ሦስት እግር ያወጣል፣ ሳይቸነክር፣ ሳይሰፋ፤
ልጆቹ ቢያግዙት እንጨቱ በጠፋ።
«ከዚህ ግንድ የሚገባ መጥረቢያ አንድ ብቻ ነው፤
መፍጠን ካማረህ የኔን ክንድ አበርታው።»
ይህን ብሎኝ ሣቀ። ዋጋውን ጠየቅኩት፣
ተወደደብኝና ሳልገዛ ተውኩት።

ሌሊት፣ ሰርቨር ክፍል፣ ጀነሬተር ሲያጓራ፣
የአንድ ወር መዝገብ ገለጥኩኝ በተራ።
ቀን ቀን ሰልፍ ነው፦ ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣
ሁሉም ለየብቻ፣ ሁሉም ችኩል ጠሪ።
አርባ በርጩማ ነው ይህ። ኢፍቱ ረታች አልኩ።
ግን የወር መጨረሻ ያለበትን ገጽ ገለጥኩ፤
የደመወዝ፣ የመድኃኒት፣ የሒሳብ መዝጊያው ሌሊት፦
አንድ ኮር ብቻውን፣ ከምሽት እስከ ንጋት
በላብ ይጠመቃል፤ ሰባቱ ጎረቤት
እጁን አጣጥፎ ያያል፣ እንደ ሥራ አጥ ወጣት።

ማነው የጻፈው አልኩ፣ እንዲህ በአንድ ገመድ
ደመወዝን ከመድኃኒት አስሮ ለማስኬድ?
ስም ፈልጌ ወጣሁ እስከ ላይኛው መስመር፦
የኔው ስም። ዘጠኝ ዓመት። ልጅነቴ ነበር።

ዋንዛ መስሎኝ እንጂ ገሚሱ ገመድ ነው፣
የቋጠረው እጄ ቁጭ ብሎ ይፍታው።
ገሚሱ ግን ዋንዛ፦ ድምር ድምርን ጠብቆ፣
አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት ተፈልቅቆ።
ቀኑንም ቆጠርኩት፦ ሰልፉ ጢም ሲል እንኳ
አሥራ አንድ ነው ባንዴ በሩን የሚያንኳኳ።
ስልሳ አራት መስኮት ለማን ነው የሚከፈት?
ሃምሳ ሦስቱን ለመቀለብ በጀነሬተር መብራት?

ጠዋት ለኢፍቱ ነገርኳት። ዝም አለች፣ አሰበች፣
«እሺ፣ ድንጋዩስ?» አለችኝ፣ እስክሪብቶ አነሣች።
የተቀየመች መስሎኝ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ
በገዛ እጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፣ ሳይ፦

«ሸክሙ ተመዝኗል።
ከፊሉ ሎሚ፣ ከፊሉ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል።
አሥራ ስድስቱ ይገዛ።
ገመዱን ባለሙያው ይፍታ፣
በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ገበያ ሳይወጣ።»